ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፦ ለኪርያት አርዬ መንገድ የሚሆን ሞተርና የሞተር ልብስ

ሞተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ የሚለው ጥያቄ በእኛ በተማሪዎች መካከል በየጊዜው ይነሳል። ጠዋት ኪርያት አርዬ የሚሠራ፣ ከሰዓት በኋላ ባር ኢላን ወይም ቴል አቪቭ የሚማር፣ ማታ ደግሞ ምግብ እያመላለሰ የትምህርት ክፍያውን የሚደጉም ልጅ አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚያልፈውን ሰዓት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሞተር ቶሎ ያደርሳል፤ ማቆሚያ ፍለጋ አያንከራትትም፤ ነዳጅም ብዙ አይበላም። በሌላ በኩል ወላጆቻችን «ሞተር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይለዋወጣል። ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

ይህ ጽሑፍ ግዙ ወይም አትግዙ ብሎ ለመፍረድ አልተጻፈም። ለመግዛት የወሰነ ሰው የትኛውን ሞተርና የትኛውን ልብስ ቢመርጥ በዚህ አገር ሙቀት፣ ብርድና ዝናብ ተመችቶት በሰላም እንደሚመላለስ ለማስረዳት ነው። የምንለው ነገር ባጭሩ አንድ ነው፦ የሞተር ልብስ የሚጠብቀን ስንለብሰው ነው፤ በየቀኑ የምንለብሰው ደግሞ ለአየሩ ከተመቸ ብቻ ነው። በኦገስት የሚያፍን ጃኬት ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። በጃንዋሪ ውኃ የሚያስገባ ጓንት ጣት ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ስለዚህ ምቾት ቅንጦት ሳይሆን የደኅንነት አንዱ ክፍል ነው። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ሞተሩ ከተገዛ በኋላ በጥድፊያ፣ በተረፈችው ገንዘብ የሚሸመት ልብስም እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ

ኪርያት አርዬ የሥራ ሰፈር ነው። ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ መጋዘኑና የሃይ ቴክ ቢሮው ጎን ለጎን ቆመዋል። ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል፣ ማታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። በአቅራቢያው 4 ቁጥር መንገድ፣ ጌሃ የምንለው፣ ያልፋል። የጃቦቲንስኪ ጎዳና ደግሞ ከፔታሕ ቲክቫ ተነስቶ በብኔ ብራክና በራማት ጋን በኩል ወደ ቴል አቪቭ ያደርሳል።

ሞተር ከመግዛት በፊት ያለ ሞተር መሄድ ይቻል እንደሆነ ማስላት ይገባል። እዚያው ኪርያት አርዬ የባቡር ጣቢያ አለ። ከኦገስት 18 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ ቀዩ መስመር የሚባለው ቀላል ባቡር ሥራ ጀምሯል፤ አንዱ ቅርንጫፉ ከኪርያት አርዬ ይነሳል። ሥራውና ትምህርቱ በዚህ መስመር ላይ ለሆነ፣ በቀን ለሚሄድና በቀን ለሚመለስ ተማሪ ባቡሩ ከሞተር ይረክሳል፤ ዝናብም አያስፈራውም።

ሞተር ትርጉም የሚኖረው ባቡሩ በማይደርስበት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚወጣ፣ ሰንበት እንደወጣ ወዲያው ሥራ የሚገባ፣ በአንድ ቀን ሦስት ቦታ የሚደርስ፣ ወይም የመልእክት ሥራ የሚሠራ ሰው ምክንያት አለው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ወረቀት አውጥቶ የሳምንቱን መንገድ መጻፍ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር? ስንቱ በከተማ ውስጥ፣ ስንቱ በፈጣን መንገድ? በስንት ሰዓት? ሰው ይጫናል ወይስ ዕቃ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይኖረው የሞተር ሱቅ የገባ ሰው የሚገዛው ዓይኑ የወደደውን ነው።

የአገሩ አየር

ወላጆቻችን ክረምት ሲሉ ጎንደር ላይ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር የሚወርደውን ዝናብ፣ ጭቃውንና ጉሙን ያስታውሳሉ። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ጠብታ የለም ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ የሚመጣው ከብርዱ ጋር ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የፔታሕ ቲክቫ ሞተረኛ ሁለት ዓይነት ልብስ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለደረቅ ሙቀት ወራት፣ ሌላው ብርድና ውኃ አብረው ለሚመጡበት።

በበጋ ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ አየሩ እርጥበት አለው፤ ላብ ቶሎ አይደርቅም። በጸደይና በመኸር ደግሞ ሐምሲን ሲነሳ ከበረሃ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሙቀቱን ከዚያም በላይ ያወጣዋል። በክረምት ሌሊት ሙቀቱ ወደ 8 ወይም 9 ዲግሪ ይወርዳል። ይህ ለእግረኛ ከባድ ብርድ አይደለም፤ ለሞተረኛ ግን ሌላ ነገር ነው። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ያልተሸፈነ ቆዳው የሚሰማው ብርድ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ነፋሱ በሰውነታችን ዙሪያ ያለውን ሞቃት አየር እየጠረገ ስለሚወስደው ነው። ልብሱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ብርዱ ይብሳል።

ተቃራኒውም አለ። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነፋሱ ማቀዝቀዙን ትቶ ማሞቅ ይጀምራል፤ የሚያቀዘቅዘን ላባችን ሲተን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን በቲሸርት መንዳት ሰውነትን ያደርቃል እንጂ አያቀዘቅዝም። የበረሃ ሰው ተሸፋፍኖ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ፈቃድና ኢንሹራንስ

እዚህ አገር የሞተር መንጃ ፈቃድ ሦስት ደረጃ አለው። ኤ2 ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚወሰድ ሲሆን እስከ 125 ሲሲና እስከ 14.6 የፈረስ ጉልበት ድረስ ነው። ኤ1 ከ18 ዓመት ጀምሮ እስከ 47.46 የፈረስ ጉልበት ያስነዳል። ወሰን የሌለው ኤ ከ21 ዓመት ጀምሮ ኤ1 ይዞ ቢያንስ አንድ ዓመት ለቆየ ነው። ለአብዛኛው ተማሪ መንገድ 125 ሲሲ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሞተር ይበቃል።

ብዙዎች የማያሰሉት ወጪ የግዴታ ኢንሹራንሱ፣ ቢቱዋሕ ሖቫ የምንለው ነው። ዋጋው በሞተሩ ሲሲ፣ በነጂው ዕድሜና ፈቃድ ይዞ በቆየበት ዘመን ይለያያል፤ ወጣት በሆንን መጠን ይከብዳል። ለመግዛት ያሰባችሁትን ሞተር ሲሲና ዕድሜያችሁን ይዛችሁ መጀመሪያ ዋጋ ጠይቁ፤ ከዚያ ስለ ሞተሩ አስቡ። ይህ ኢንሹራንስ በ1975 በወጣው ሕግ መሠረት በአደጋ ለሚደርስ የአካል ጉዳት ካሣ የሚከፍል ነው፤ የሞተሩን ስብራትም ሆነ የገጨነውን መኪና አይሸፍንም። ኢንሹራንስ ሳይኖረው የነዳ ሰው ራሱ ሲቆስል ካሣ የማግኘት መብት የለውም፤ ደረጃው ያልፈቀደለትን ሞተር የነዳም መብቱን ሊያጣ ይችላል። ለመልእክት ሥራ የምትነዱ ከሆነ ይህን ለኢንሹራንስ ወኪሉ በግልጽ ተናገሩ፤ በወረቀቱ ላይም መጻፉን አረጋግጡ።

ሞተሩን ስንመርጥ

በከተማ መንገድ ላይ ብዙ የምናየው ካትኖዓ ነው፤ እግር ከፊት ተሰብስቦ የሚቀመጡበት፣ ማርሽ በራሱ የሚቀይር። ለዚህ አገር አየር ሁለት ጥቅም አለው። የፊት አካሉ ከጎማ የሚረጨውን ውኃና ነፋሱን ከእግር ይከለክላል፤ ከመቀመጫው ሥር ያለው ሣጥን ደግሞ የዝናብ ልብስ ወይም ሄልሜት ይይዛል። ጉድለቱ ጎማው ነው። ጎማው ትንሽ በሆነ ቁጥር በጉድጓድና በተቆፈረ አስፋልት ላይ ይበልጥ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ከሁለት ካትኖዓ አንዱን ስትመርጡ ጎማው ሰፋ ያለ ዙሪያ ያለውን ምረጡ። ባለ ማርሽ ሞተር ጎማው ትልቅ ነው፣ መንገድ አያያዙም የረጋ ነው፤ ነገር ግን በጃቦቲንስኪ መጨናነቅ ውስጥ በየደቂቃው ማርሽ መቀየር የግራ እጅን ያደክማል፤ እግርም ለነፋስና ለዝናብ ይጋለጣል።

ከዚያ መቀመጥ ነው። ሞተር በፎቶግራፍ አይመረጥም። ተቀመጡበት፤ ሁለቱም እግሮች መሬት ይንኩ። ተረከዝ ባይደርስ እንኳ የእግሩ ፊተኛ ግማሽ ተዘርግቶ መርገጥ አለበት። እጃችሁን መሪው ላይ አድርጉና ክርናችሁ ትንሽ መታጠፉን እዩ፤ ክርኑ ቀጥ ካለ ትከሻው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታመማል። ጉልበት ከ90 ዲግሪ በታች ከታጠፈ ሞተሩ አጥሮባችኋል። ሳትቸኩሉ 10 ደቂቃ ያህል ቁጭ በሉበት። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ቀጥሎ ክብደት ነው። 125 ሲሲ ካትኖዓ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ኪሎ ይመዝናል፤ ትልልቆቹ ከ200 ኪሎ ያልፋሉ። ሞተር ሲሄድ ክብደቱ አይሰማም፤ የሚሰማው ከማቆሚያ ሲወጣ፣ በእርጥብ ሴራሚክ ወለል ላይ ሲገፋና ሲወድቅ ነው። ወደ ኋላ ገፍታችሁ አዙሩት። ብቻችሁን ማዞር ያቃታችሁ ሞተር የእናንተ አይደለም።

የንፋስ መከላከያው መስታወትም ይታይ። በክረምት ደረትን ከብርድ ይጠብቃል፤ በጣም ከፍ ካለ ግን በበጋ አየር ያሳጣል፤ በዝናብም ማየት ያለብን በመስታወቱ ውስጥ ይሆናል። የሚመከረው ዓይን ከመስታወቱ ጫፍ በላይ የሚያይበት ቁመት ነው።

ፍሬኑ ኤቢኤስ ቢኖረው ለዚህ አገር ዝናብ ትልቅ ነገር ነው። ኤቢኤስ ጎማው በድንገት ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን በቅጽበት እየለቀቀ መልሶ ይይዛል። በአውሮፓ ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ አዳዲስ የሞተር ዓይነቶች ከ2016 ጀምሮ ኤቢኤስ እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። በ125 ሲሲና ከዚያ በታች ግን ሁለቱን ፍሬኖች አያይዞ የሚይዝ ሌላ ዘዴም ስለሚፈቀድ፣ «ኤቢኤስ ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሮጌ ሞተር የሚገዛ ሰው ጎማውን ያንብብ። በጎማው ጎን ላይ አራት አኀዝ ተጽፏል፤ 2321 ከሆነ በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ጎማነቱ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ እርጥብ መንገድ አይነክስም። ከገንዘቡ በፊት ሞተሩ በገለልተኛ መመርመሪያ ይታይ፤ ዕዳ እንደሌለበትም ይጣራ።

ሄልሜት

ሄልሜት፣ እዚህ ካስዳ የምንለው፣ ለነጂውም ለተከታዩም በሕግ ግዴታ ነው። ከኋላው ወይም ከማሰሪያው ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ያለበት ምልክት ይኖራል፤ አዲሱ የአውሮፓ መለኪያ 22.06 ይባላል። ምልክት የሌለው ሄልሜት ጌጥ ነው።

ፊትን ሙሉ የሚሸፍነውን እንመክራለን። ብዙ ሰው በሙቀት ምክንያት አገጭ የሌለውን ይመርጣል፤ ነገር ግን ሰው ሲወድቅ አገጩና መንጋጋው ብዙ ጊዜ መሬት ይመታሉ። ለሙቀቱ መፍትሔው አገጩን መተው ሳይሆን ከፊትና ከላይ አየር ማስገቢያ፣ ከኋላ ማስወጫ ያለው፣ ቀለሙም ነጣ ያለ መምረጥ ነው። ነጣ ያለ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል፤ በሌሊትም ለመኪና ነጂ ይታያል። የውስጡ ጨርቅ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን፤ በሁለት ሳምንት የበጋ ላብ ለምን እንዳልን ይገባችኋል።

ልክ ስትሞክሩ ጉንጭን ጨብጦ መያዝ አለበት፤ ግንባር ላይ ግን ሕመም መኖር የለበትም። ማሰሪያውን አስራችሁ ከኋላ ወደ ፊት ለመግፋት ሞክሩ፤ ከራስ ከወጣ ሰፊ ነው። ለእህቶቻችን አንድ ቁም ነገር አለን፤ ሄልሜት የሚሞከረው በዘወትር የፀጉር አሠራር ነው። በተለቀቀ ፀጉር ልክ የሆነው በወፍራም ሹሩባ ያጣብቃል፤ ሹሩባው ሲፈታ ደግሞ ይሰፋል። ፀጉራችሁን የምትለዋውጡ ከሆነ ራስ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ በሚተኛው አሠራር ምረጡ፤ ቋጠሮውም ከአንገት በላይ፣ በሄልሜቱ ውስጥ አይሁን። አፍሮ ያላቸው ወንዶችም እንዲሁ። ከሥር ቀጭን የሐር ወይም የጥጥ ኮፍያ ማድረግ ፀጉሩንም ላቡንም ይረዳል።

የፊት መስታወቱን ነገር ደግሞ እንይ። ከፔታሕ ቲክቫ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄድ ሰው ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው። ከሥራ ወጥቶ ማታ ትምህርት የሚገባ ሰው የምትጠልቀው ፀሐይ ፊት ለፊቱ ናት። ጥቁር መስታወት ይረዳዋል፤ ሲመሽ ግን ያሳውረዋል። ከውስጥ የሚወርድ የፀሐይ መከላከያ ያለው ነጭ መስታወት ሁለቱንም ይፈታል። በክረምት ትንፋሽ መስታወቱን ያጨፍነዋል፤ ለዚህ ፒንሎክ የሚባል ከውስጥ የሚለጠፍ ሁለተኛ ገጽ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው አየር ጉሙን ይከላከላል።

ሄልሜት አንዴ በኃይል ከተመታ ሥራው አበቃ። ውስጡ ያለው ፎም የሚያድነን እየተሰባበረ ነው፤ ከላይ ጭረት ብቻ ቢታይም ሁለተኛ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ታሪኩን የማታውቁትን አሮጌ ሄልሜት አትግዙ።

ጃኬትና ሱሪ

የሞተር ጃኬት ሁለት ሥራ አለው። ሰው በአስፋልት ላይ ሲንሸራተት ጨርቁ ሳይቀደድ ቆዳውን ያተርፋል፤ ትከሻና ክርን ላይ ያለው መከላከያ ደግሞ ምቱን ያበርዳል። በአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 17092 መሠረት ልብሱ ላይ ደረጃ ይጻፋል፤ ከሙሉ ልብሶች ኤ ዝቅተኛው፣ ኤኤ መካከለኛው፣ ኤኤኤ ከፍተኛው ነው። ለከተማና ለፈጣን መንገድ ተመላላሽ ኤኤ ጥሩ ሚዛን ነው። የመከላከያው ንጣፍ ደግሞ ደረጃ 1 ወይም 2 ይባላል። 2 የተሻለ ነው። ብዙ ጃኬቶች ከጀርባ ስፖንጅ ብቻ አድርገው ስለሚሸጡ የጀርባውን መከላከያ ለብቻው ጠይቁ።

ለበጋ ወንፊት የመሰለው ጃኬት ይሻላል። ነፋሱ በቀጥታ ያልፍበታል፣ ላብ ይተናል፣ ፀሐይ ግን ቆዳን አያገኝም። ችግሩ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ነው፤ ስለዚህ ጃኬቱን ለመልበስ የመጨረሻው ደቂቃ ይጠበቅ፣ ውኃም አይለይ። ሐምሲን ሲሆን ከሥር የሚለበሰውን ቲሸርት አንገቱ ላይ ውኃ ማርከፍከፍ ለአጭር መንገድ ይረዳል። ቆዳ ጃኬት አስፋልትን የሚችለው የለም፤ ለኦገስት ፔታሕ ቲክቫ ግን አይመከርም።

የክረምቱን ጥበብ ከጋቢ እንማራለን። ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ስለወፈረ ብቻ ሳይሆን በአራቱ ድርብ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። በሞተር ላይም አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ድርብ ድርብ አድርጎ መልበስ ይበልጣል። ከሥር ገላ ላይ የሚጣበቅና ላብ የሚያወጣ ቀጭን ልብስ፣ ከመካከል የሚያሞቅ፣ ከላይ ነፋስና ውኃ የማያስገባ። ልዩነቱ ጥጥ ሲረጥብ ሙቀቱን ማጣቱ ነው፤ ስለዚህ ለሥረኛው ድርብ ጥጥ ሳይሆን ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ ይመረጣል። አንገት ከተከፈተ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ ነፋሱ በዚያ ይገባል። የአንገት ማሞቂያ ርካሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከአንድ ሹራብ ይበልጣል።

ሁለት ጃኬት መግዛት ለማይችል ተማሪ የሙቀት ንጣፉ የሚወልቅ፣ በደረትና በጀርባ አየር የሚያስገባ ዚፕ ያለው የጨርቅ ጃኬት ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። የክፍል ውስጥ መቀመጫና የሥራ ቦታ ቁም ሣጥንም ይታሰብ፤ የሚያስቀምጡበት የሌለው ጃኬት ቤት ይቀራል። ሱሪውንም አንርሳ። ተራ ጂንስ በአስፋልት ላይ ወዲያው ይቀደዳል፤ ጉልበትና ዳሌ ላይ መከላከያ ያለው የሞተር ጂንስ ግን መልኩ ያው ስለሆነ ክፍልም ሥራም ይገባል።

ጓንት፣ ጫማና የዝናብ ልብስ

ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው። ጓንት ለበጋ ቀጭን፣ መዳፉ ላይ ግን ጠንካራ ይሁን፤ አንጓ ላይም የሚታሰር። ለክረምት ውኃ የማያስገባ ይፈለጋል፤ ነገር ግን ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ የፍሬኑን መያዣ መሰማት ካልቻላችሁ አይሆንም። የመልእክት ሠራተኞች መሪው ላይ የሚያስሩት የእጅ መሸፈኛ ብርዱንም ዝናቡንም ይከላከላል፤ ከሥሩ ቀጭን ጓንት ይበቃል። ስታስሩት ፍሬኑን እንዳይጫን፣ እጅም በቶሎ እንዲወጣ ፈትሹ።

ጫማ ቁርጭምጭሚትን ይሸፍን፤ ሶሉ በውኃ ላይ የማያንሸራትት ይሁን። ክሩን ወደ ውስጥ ክተቱት። በሰንደል መንዳት በበጋ የተለመደ ነው፤ ሞተር ሲወድቅ ግን ክብደቱ የሚያርፈው እግር ላይ ነው።

የዝናብ ልብስ ከሁሉም በላይ የሚደረብ ሰፊ ጃኬትና ሱሪ ነው፤ ጫማ ሳይወልቅ የሚገባ ይምረጡ። ደማቅ ቀለምና አንጸባራቂ መስመር ይኑረው፤ በዝናብ ውስጥ የመኪና ነጂ መስታወቱ ደብዝዞ ነው የሚያየን። ከሞተሩ ሣጥን ዓመቱን ሙሉ አይውጣ። የሚለበሰውም ዝናቡ ሳይጀምር ነው፤ ከረጠቡ በኋላ መልበስ እርጥበቱን ማፈን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብና የስግድ መንገድ

ከዓመቱ ቀናት ሁሉ ለሞተረኛ ከባዱ የመጀመሪያው ዝናብ፣ ዮሬ የሚባለው፣ የሚወርድበት ቀን ነው። ወራት ሙሉ በደረቅ አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይት፣ የጎማ ብናኝና አቧራ ከጥቂት ውኃ ጋር ሲቀላቀል መንገዱ ሳሙና ይሆናል። በዚያ ቀን ባቡር መያዝ ፍርሃት ሳይሆን ብልኅነት ነው። መሄድ የግድ ከሆነ ፍጥነት መቀነስ፣ ከፊት ካለው መኪና በእጥፍ መራቅ፣ በነጭ ቀለም መስመርና በብረት ክዳን ላይ አለመታጠፍና ፍሬን አለመያዝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ቀና እስኪል ብዙ መንገድ አልፏል።

ይህ ወቅት ደግሞ ከስግድ ጋር ይገጥማል። ስግድ በሔሽቫን 29 ቀን ይውላል፤ ብዙዎቻችን ወደ ኢየሩሳሌም የምንወጣበት ነው። ፔታሕ ቲክቫ ሜዳ ላይ ናት፤ ኢየሩሳሌም ወደ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ጠዋት በቀላል ጃኬት የተነሳ ሰው ዳገቱን ሲጨርስ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዘዋል፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ ይብሳል። ድርብ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለን፤ በነጠላና በረጅም ቀሚስ ከኋላ አትቀመጡ። የተንጠለጠለ ጨርቅ ጎማ ወይም ሰንሰለት ከያዘው ሰውን ይጎትታል። የባህል ልብሱን በቦርሳ ይዞ እዚያ መልበስ ይቻላል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እህትም ሆነች ጓደኛ፣ ከነጂው እኩል ሄልሜት፣ ጃኬትና ጓንት ይገባታል።

ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

ብዙዎች ያላቸውን ሁሉ ለሞተሩ አውጥተው ልብሱን «በሚቀጥለው ደመወዝ» ይላሉ። እኛ ተገልብጦ ቢሠራ እንላለን። ካላችሁ ገንዘብ ላይ መጀመሪያ ኢንሹራንሱን ቀንሱ። ቀጥሎ ሄልሜት፣ ጓንት፣ መከላከያ ያለው ጃኬት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ሱሪ በዚህ ቅደም ተከተል ይቀነሱ። ለሰርቪስና ለጎማ የሚሆን ጥቂት ይቀመጥ። የተረፈው ለሞተሩ ነው። የተረፈው ትንሽ ከሆነ ትንሽ ሞተር ይገዛል፤ ትንሽ ሞተርና ሙሉ ልብስ ከትልቅ ሞተርና ከቲሸርት ይሻላል። ልብሱ ሞተሩ ቢሸጥም የእናንተው ሆኖ ይቀጥላል።

ከቤተሰብ ጋር መነጋገር

ወላጆቻችን ሞተርን የሚያውቁት በሌላ መልክ ነው። አንዳንዶቹ በገጠር የግብርና ባለሙያው ወይም የጤና ሠራተኛው በፒስታ መንገድ አቧራ እያስነሳ ሲሄድበት ያዩታል። ዜና የሚከታተሉት ደግሞ የአዲስ አበባ አስተዳደር በጁላይ 2019 ከተፈቀደላቸው በቀር ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ መከልከሉን ያስታውሳሉ፤ ምክንያቱም በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ስለዚህ «ልጄ ሞተር ሊገዛ ነው» ሲሉ የሚያስቡት አደጋውን ብቻ አይደለም፤ ሰው ምን ይላል የሚለውም አለበት።

«አይዟችሁ፣ ምንም አይደርስብኝም» ማለት ማንንም አያሳምንም፤ ማንም ሊምለው የማይችል ነገር ነው። ከዚያ ይልቅ እናታችሁን ወደ ሱቁ ይዛችሁ ሂዱ። ሄልሜቱን በእጃቸው ይንኩት፤ የጀርባውን መከላከያ ይጫኑት፤ የኢንሹራንሱን ወረቀት በአማርኛ አስረዷቸው። በየትኛው ሰዓት በየትኛው መንገድ እንደምትመላለሱ፣ በየትኛው ቀን ደግሞ ሞተሩን ትታችሁ ባቡር እንደምትይዙ ንገሯቸው። ለወላጆችም አንድ ልመና አለን። ልጃችሁ ለመግዛት ከወሰነና ልታስቆሙት ካልቻላችሁ፣ ልትረዱት ያሰባችሁትን ገንዘብ ለሞተሩ ሳይሆን ለሄልሜቱና ለጃኬቱ ስጡት። ጠዋት ሲወጣም «ቀስ በል» ከማለት ጋር «ጓንትህን ይዘሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም በዓይን ይታያል።